የከሰል ሚቴንን በትንሽ ኃይል ፈሳሽ ማድረግ፦ ሲሙሌሽኑ እንቢ ላላችሁ ዝርዝር መመሪያ

የመመረቂያ ሥራቸውን ይዘው የሚመጡ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሞዴሉ ጭራሽ አይዘጋላቸውም፤ ስሌቱ መልስ ላይ አይደርስም። ሃይሲስ (የፋብሪካ ሂደት የሚያሰላው ሶፍትዌር) ላይ ግማሹ ዕቃ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሌሎቹ ሁሉም ነገር ሰላም ሆኖላቸው «በኪሎ ኤልኤንጂ (ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ) 0.11 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ!» እያሉ በደስታ ይመጣሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ እነዚህኞቹ ናቸው። ያ ቁጥር ተፈጥሮ ከምትፈቅደው በታች ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ እንደርስበታለን።

ምሳሌያችን በቻይና ሻንሺ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ክፍል፣ ጂንቼንግ ከተማ አካባቢ ያለው የቺንሹይ ተፋሰስ ነው። እዚያ ከድንጋይ ከሰል ንጣፍ የሚወጣው ሚቴን በአነስተኛ ፋብሪካዎች ፈሳሽ ሆኖ በቦቴ ይጓጓዛል። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ ኩርቲስ ደሴት ላይም የከሰል ጋዝ ፈሳሽ ይደረጋል። ግን እዚያ ያለው መርከብ የሚሞላ ግዙፍ ፋብሪካ ስለሆነ ሂደቱም ሌላ ነው። እኛ ትንሹን ነው የምንሠራው፤ አንድ የማቀዝቀዣ ዑደት፣ አንድ ድብልቅ ሪፍሪጀራንት (በዑደቱ ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዝ የጋዞች ድብልቅ)።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

– ባለብዙ መስመር ሙቀት መለዋወጫ ያለው ሶፍትዌር። ይህ ጽሑፍ አስፐን ሃይሲስን ይከተላል። ፈቃድ ከሌላችሁ እስከ ደረጃ 3 ያለውን በነፃው ዲደብሊውሲም መሥራት ትችላላችሁ።
– የጋዙ የላብራቶሪ ትንተና። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ለየብቻ የተለኩበት መሆን አለበት። «አየር 3 በመቶ» የሚል ወረቀት አትቀበሉ።
– ጋዙ ከጉድጓድ የሚወጣበት ግፊት። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ረስቼው አውቃለሁ።
– የአካባቢው የበጋ ሙቀት። የጂንቼንግ ጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሐምሌው ግን ይሞቃል። ሞዴሉን ለሐምሌ ሥሩ።
– ካልኩሌተርና ወረቀት። ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም።

ሙቀቱ ሁሉ በሴልሺየስ ነው። ኬልቪን ስጠቀም እናገራለሁ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጋዝ እንደሆነ ለዩ

«የከሰል ጋዝ» በሚለው ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ጋዞች አሉ።

የመጀመሪያው ከመሬት ወለል በተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣው ነው። ብዙውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ሚቴን ነው። ትንሽ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኖረዋል፤ ከባድ ሃይድሮካርቦን የለውም ማለት ይቻላል። ይህ መመሪያ ለእሱ ነው።

ሁለተኛው ከሥራ ላይ ካለ የማዕድን ዋሻ የሚሳብ ጋዝ ነው። አየር ገብቶበታል። ሚቴኑ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል።

⚠ ማስጠንቀቂያ። ትንተናው ላይ ኦክስጅን ካያችሁ እዚህ ላይ ቁሙ። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። «የእኔ 45 በመቶ ነው፣ ከክልሉ ውጪ ነኝ» ማለት አያዋጣም። አንደኛ፣ 15 የሚለው ጣሪያ የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ግፊት ሲጨምር ጣሪያውም ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሚቴን በ-161.5 ፈሳሽ ሲሆን ኦክስጅን እስከ -183፣ ናይትሮጅን እስከ -196 ይጠብቃሉ። ስለዚህ ድብልቁ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ የሚወርደው ሚቴኑ ነው። ከላይ የሚቀረው ጋዝ ውስጥ የሚቴኑ ድርሻ ከ45 ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 15 ይወርድና የሚፈነዳበት ክልል ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ሃይሲስ ይህን አይነግራችሁም። ፍላሹን (ምን ያህሉ ፈሳሽ፣ ምን ያህሉ ጋዝ እንደሚሆን) አስልቶ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ጋዝ በመጀመሪያ ኦክስጅኑ መወገድ አለበት፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮጀክት ነው።

ለምሳሌያችን ይህን እንያዝ፦ ሚቴን 97፣ ናይትሮጅን 2፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1 በመቶ፣ በውሃ የጠገበ፣ 2 ባር፣ 30 ዲግሪ።

ደረጃ 2፦ አጽዱት

ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ በረዶ የሚሆን ነገር መግባት የለበትም። የተለመዱት ገደቦች እነዚህ ናቸው፦

– ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች። በአሚን ይታጠባል።
– ውሃ ከ1 ፒፒኤም በታች። ሞሌኩላር ሲቭ (ውሃውን የሚይዝ ቀዳዳማ ጠጣር) ነው የሚያደርቀው።
– ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ4 ፒፒኤም በታች። የከሰል ጋዝ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር አይሆንም።
– ሜርኩሪ በኪዩቢክ ሜትር ከ0.01 ማይክሮግራም በታች። የሙቀት መለዋወጫው አሉሚኒየም ስለሆነ ሜርኩሪ ይበላዋል።

ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ። አሚን የውሃ መፍትሔ ነው። ጋዙን ቀድማችሁ አድርቃችሁ ወደ አሚን ብታስገቡት መልሶ ረጥቦ ይወጣል። መጀመሪያ አሚን፣ ቀጥሎ ማድረቂያ።

ርዕሳችሁ የፈሳሽ ማድረጊያው ዑደት ከሆነ የአሚን ማማውን ሞዴል አድርጋችሁ ሁለት ወር አታቃጥሉ። ጋዙ የጸዳ ነው ብላችሁ በግልጽ ጻፉና እለፉ። ከጽዳት በኋላ ሚቴን 98፣ ናይትሮጅን 2 ብለን እንቀጥላለን።

ደረጃ 3፦ ግፊቱን ከፍ አድርጉ፤ ወጪውንም ቁጠሩ

አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከመደበኛ የጋዝ ጉድጓድ የሚወጣ ጋዝ የራሱ ግፊት አለው። የከሰል ጋዝ ግን የሚወጣው ውሃው ከከሰሉ ተስቦ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲወጣ ደካማ ነው። ፈሳሽ ለማድረግ ደግሞ 50 ባር አካባቢ ብናደርሰው ይሻላል። የሚቴን ወሳኝ ግፊት 46 ባር ነው። ከዚያ በላይ ጋዙ ሳይፈላና ሳይጤዝ በአንድ ወጥ ኩርባ ይቀዘቅዛል፣ የሚፈልገውም ቅዝቃዜ ያንሳል።

እስቲ በእጅ እናስላው። ንጹህ ሚቴን፣ በየእርከኑ መግቢያ 35 ዲግሪ፣ ከ2 ወደ 50 ባር፣ የኮምፕረሰር (የጋዝ መጭመቂያ) ቅልጥፍና 80 በመቶ።

በአንድ እርከን፦ መውጫው 460 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የሚፈጀው ኃይል በኪሎ 0.26 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን አይሠራም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

በአራት እርከን፣ በመካከል እያቀዘቀዝን፦ ግፊቱ 2፣ 4.5፣ 10፣ 22.4፣ 50 እያለ ይወጣል። የእያንዳንዱ መውጫ 113 ዲግሪ ገደማ ነው። ኃይሉ 0.20 ይሆናል።

በሦስት እርከን፦ መውጫው ወደ 143 ይጠጋል፣ ኃይሉ ግን ከአራቱ የሚለየው ከ0.01 ባነሰ ነው። አምስተኛ እርከን መጨመር ትርፉ ለኮምፕረሰር ሻጩ ነው።

ሲሠራ የሚያጋጥም፦ መካከለኛ ግፊቶቹን በግምት አታስገቡ። አጠቃላይ ጥምርታውን (25) በእርከኑ ቁጥር ሥር አውጡት። አራት ከሆነ አራተኛ ሥሩ 2.24 ነው። እያንዳንዱ እርከን በዚያ ይባዛል።

ይህችን 0.20 ወረቀታችሁ ላይ አክብቧት። በኋላ እንፈልጋታለን።

ደረጃ 4፦ የቀዝቃዛውን መስመር ዘርጉ

የጋዙን ባሕርይ ለማስላት የፔንግ-ሮቢንሰንን ቀመር ምረጡ። ጋዙን በ50 ባርና 35 ዲግሪ ወደ ሙቀት መለዋወጫው አስገቡ፣ በ-155 አውጡ። ቫልቭ ወደ 1.2 ባር ያወርደዋል፣ ከዚያ ሴፓሬተር (ጋዙን ከፈሳሹ የሚለይ ዕቃ)።

«ለምን -155? -162 አናደርገውም?» ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ነገሩ ወዲህ ነው። ፈሳሹ በሞቀ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከቫልቩ በኋላ የሚተነው በግምት 0.7 በመቶ ይጨምራል። ብዙ መትነኑ ጥሩ አይደለም። ጭራሽ አለመትነኑም ጥሩ አይደለም፣ ምክንያቱም ናይትሮጅኑን ይዞልን የሚወጣው የሚተነው ጋዝ ነው። ኤልኤንጂ ውስጥ ናይትሮጅን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። እኛ 2 በመቶ አለን። ከ5 እስከ 6 በመቶ ያህል ቢተን ናይትሮጅኑ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። -155 ደግሞ እዚያው አካባቢ ያደርሳችኋል። ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ ኃይል ከፍሎ ናይትሮጅን ማስቀረት ነው።

የሚተነውን ጋዝ በሙሉ ወደ መግቢያው አትመልሱት። ናይትሮጅኑ እየተሽከረከረ ይከማቻል፤ ሪሳይክሉም (ወደ መነሻው የሚመለሰው መስመር ስሌት) መቼም አይዘጋም። ለፋብሪካው ነዳጅ አድርጉት።

ደረጃ 5፦ የማቀዝቀዣውን ዑደት ሳትዘጉት ገንቡ

መነሻ ድብልቅ፣ በሞል (በሞለኪውል ብዛት) በመቶ፦ ናይትሮጅን 10፣ ሚቴን 26፣ ኤቴን 32፣ ፕሮፔን 12፣ ቡቴን 20። የላይኛው ግፊት 40 ባር፣ የታችኛው 2.5 ባር። መጠኑ የጋዙ ሞል 3 እጥፍ። መነሻ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሆን ብዬ ሪፍሪጀራንቱን አብዝቼዋለሁ፤ መቀነስ ከመጨመር ይቀላል።

1. ሪፍሪጀራንቱን በ40 ባርና 35 ዲግሪ ጀምሩት። ወደ ሙቀት መለዋወጫው በሞቃት መስመር ይገባል፣ በ-155 ይወጣል።
2. ቫልቭ ወደ 2.5 ባር። አሁን ሙቀቱን እዩ። ከ-158 በታች መሆን አለበት። ካልሆነ ናይትሮጅኑን በ1 በመቶ ጨምሩ ወይም የታችኛውን ግፊት ትንሽ ዝቅ አድርጉ።
3. ይህን ቀዝቃዛ መስመር መልሳችሁ ወደ መለዋወጫው አስገቡት። መውጫ ሙቀቱን አትሙሉት! ሶፍትዌሩ ከኃይል ሚዛን ያወጣዋል። ሦስቱንም መውጫ የሞላ ሰው ነው «ኦቨርስፔሲፋይድ» (ከሚገባው በላይ ተሞልቷል) የሚል ቀይ መልእክት የሚያየው።
4. መውጫውን ወደ ኮምፕረሰር ላኩ። ሁለት ወይም ሦስት እርከን፣ በመካከል ማቀዝቀዣ።
5. የመጨረሻው መውጫ ከመጀመሪያው መስመር ጋር ከተመሳሰለ ብቻ ሪሳይክሉን አገናኙ። ቀድማችሁ ከዘጋችሁት ስህተቱ ሲዞር ይውላል፣ የት እንደተጀመረም አታገኙትም።

የሚበላሽበት ቦታ፦ ኮምፕረሰሩ መግቢያ ላይ ፈሳሽ አለ ይላችኋል። ሁለት ቦታ ፈትሹ። የመጀመሪያው እርከን መግቢያ ላይ ከሆነ ሪፍሪጀራንቱ በዝቷል ወይም ቡቴኑ በዝቷል፤ አንዱን ቀንሱ። ከመካከለኛው ማቀዝቀዣ በኋላ ከሆነ ጤናማ ነው። ቡቴኑና ፕሮፔኑ ጤዛ ሆነዋል ማለት ነው። እዚያ ሴፓሬተር አድርጉ፣ ፈሳሹን በፓምፕ፣ ጋዙን በኮምፕረሰር አሳልፉ። እንዲያውም ፈሳሽ በፓምፕ መግፋት ጋዝ ከመጭመቅ በጣም ይረክሳል።

በመለዋወጫው ውስጥ የሚጠፋውን ግፊት ዜሮ አድርጋችሁ አትተዉት። በተለይ የታችኛውን መስመር። ከ40 ባር ላይ ግማሽ ባር ቢጠፋ ማንም አያስተውለውም፤ ከ2.5 ባር ላይ ግን አንድ አምስተኛው ነው።

ደረጃ 6፦ ኩርባውን ተመልከቱ

አሁን የመጣንበት ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ሞዴሉ ተዘግቷል፣ ምንም ቀይ የለም። ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት የሙቀት መለዋወጫውን የሙቀት መጠንና የሙቀት ፍሰት ግራፍ ክፈቱ።

ሁለት መስመሮች ታያላችሁ። ከላይ የሚቀዘቅዙት፣ ከታች የሚሞቀው። በየትኛውም ቦታ መነካካት እንኳ የለባቸውም፣ መቆራረጥማ ጭራሽ። ሶፍትዌሩ ግን ጫፎቹን ብቻ አይቶ ሊያልፋችሁ ይችላል። በመግቢያና መውጫ ላይ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ሆኖ በመሃል፣ -70 አካባቢ፣ መስመሮቹ ተቆራርጠው አይቻለሁ። ይህ ማለት ሙቀት ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ፈሰሰ ማለት ነው። የዚያ የ0.11 ባለቤት ችግር ይኸው ነበር። ሶፍትዌሩ መለዋወጫውን ለስሌት የሚከፋፍልበትን የክፍልፋይ ቁጥር ወደ 50 ወይም 100 አሳድጉትና እንደገና አስሉ። የተደበቀው ይወጣል።

አሁን ድንበሩን በወረቀት እናውጣ። ሚቴንን ከ1 ባርና ከክፍል ሙቀት ወደ ፈሳሽ ለመቀየር ፍጹም የሆነ ማሽን እንኳ በኪሎ 0.30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ጋዙ በ50 ባር ከመጣ ግፊቱ ራሱ ስንቅ ስለሆነ ወደ 0.13 ይወርዳል። ከዚያ በታች ያገኘ ሰው የተፈጥሮን ሕግ ጥሷል ወይም ኩርባው ተቆራርጧል። እኔ የምገምተው ሁለተኛውን ነው። የነጠላ ድብልቅ ሪፍሪጀራንት እውነተኛ ውጤት በ50 ባር ለሚገባ ጋዝ ከ0.3 እስከ 0.4 ነው። ከ0.2 በታች ካያችሁ ለአማካሪያችሁ አትላኩት፤ መጀመሪያ ግራፉን እዩ።

ቀጥሎ ክፍተቱን ማጥበብ ነው። በትንሹ ቦታ 3 ዲግሪ እስኪቀር። ግን ሁሉም ዲግሪ እኩል ዋጋ የለውም። ለእያንዳንዱ ኪሎጁል የሚባክነው ሥራ፦ የአካባቢው ሙቀት × (1 ÷ የቀዝቃዛው ሙቀት − 1 ÷ የሙቁ ሙቀት)፣ ሁሉም በኬልቪን። አንድ ኪሎጁል ሙቀት በ3 ዲግሪ ክፍተት ይተላለፍ፣ አካባቢው 300 ኬልቪን ይሁን። በክፍል ሙቀት፣ በ297 እና በ300 ኬልቪን መካከል፣ የሚባክነው 0.010 ኪሎጁል ነው። በቀዝቃዛው ጫፍ፣ በ113 እና በ116 መካከል፣ 0.069 ነው። ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ከቀዝቃዛው ጫፍ ጀምሩ።

– ከ-160 እስከ -120 ያለው ክፍተት፦ ናይትሮጅንና ሚቴን ይገዙታል።
– ከ-100 እስከ -50፦ ኤቴን።
– ከ-50 እስከ -10፦ ፕሮፔን።
– ከዚያ በላይ፦ ቡቴን።

ክፍተቱ በሰፋበት ዞን የሚገዛውን ጋዝ ቀንሱ፤ በጠበበበት ወይም በተቆራረጠበት ጨምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ጋዝ ብቻ፣ 1 በመቶ ብቻ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የሪፍሪጀራንቱን አጠቃላይ መጠን በ«አድጀስት» (በሃይሲስ ማስተካከያ መሣሪያ) እየለወጣችሁ ትንሹን ክፍተት ወደ 3 ዲግሪ መልሱት፣ ከዚያ ኃይሉን መዝግቡ። አሰልቺ ነው። ግን አንድ ከሰዓት እንዲህ የሠራ ሰው ሳምንት ሙሉ ኦፕቲማይዘር (የተሻለውን መልስ በራሱ የሚፈልግ መሣሪያ) ካሽከረከረ ሰው የበለጠ ይገባዋል።

ደረጃ 7፦ ኦፕቲማይዘሩን አሁን ክፈቱት

በእጅ ጥሩ መነሻ ካገኛችሁ በኋላ ብቻ። ሁለት አጥር አስቀምጡ፦ ዝቅተኛው ክፍተት ከ3 ዲግሪ እንዳያንስ፣ የመጀመሪያው ኮምፕረሰር መግቢያ ከጤዛ ነጥቡ (ጋዙ ፈሳሽ መሆን ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ 5 ዲግሪ ከፍ እንዲል። አጥር ከሌለ ኦፕቲማይዘሩ በቀጥታ ወደ ተቆራረጠው ኩርባ ይሮጣል፤ ርካሹ እዚያ ነውና።

ከሦስት የተለያዩ መነሻዎች አሂዱት። ሦስት የተለያየ መልስ ከሰጣችሁ ከሁሉም ዝቅተኛው ጋር ሳይደርስ በየቅርቡ ሸለቆ ውስጥ እየወደቀ ነው፤ ከሦስቱ ትንሹን ኃይል ያዙ። ከዚያ የጋዙን መግቢያ ግፊት በ40፣ በ50ና በ60 ባር ሞክሩ። ግፊቱ ሲጨምር የማቀዝቀዣው ወጪ ይቀንሳል፣ የደረጃ 3 ወጪ ደግሞ ይጨምራል። የምትፈልጉት የሁለቱ ድምር የሚያንስበትን ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ስትጽፉ

ያከበባችኋትን 0.20 አሁን አምጧት። ማቀዝቀዣው 0.35 ከሆነ የእናንተ ፋብሪካ ፍጆታ 0.35 አይደለም። 0.55 ነው። አካፋዩም ወደ ታንከር የገባው ኤልኤንጂ ብቻ ነው፤ የተነነው አይቆጠርም። የሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ የእሱ ጋዝ በስንት ባር እንደገባ ፈልጉ። በ50 ባር የጀመረን በ2 ባር ከጀመረ ጋር ማወዳደር ከመሀል መንገድ የተነሳን ሯጭ ከእናንተ ጋር ማወዳደር ነው።

በቀን 100 ቶን ለሚያመርት ፋብሪካ 0.05 መቀነስ በቀን 5,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመመረቂያ ሥራችሁን ስትከላከሉ ፈታኞቹ «ይህቺ ቁጥር ምን ትጠቅማለች?» ሲሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

ይህን ሞዴል ለካሉብ ጋዝ ልጠቀም ለምትሉ፦ የኦጋዴኑ ጋዝ የከሰል ጋዝ አይደለም። የራሱ ግፊት ስላለው ደረጃ 3 ይቀልላችኋል። ግን ኮንደንሴት (ከጋዙ ጋር የሚወጣ ቀላል ዘይት) አለው። ከደረጃ 4 በፊት ከባዶቹን ሃይድሮካርቦኖች የሚለይ ማማ ጨምሩ፤ አለበለዚያ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ እንደ ሰም ይረጋሉ።